ሦስተኛ ማርሽና ይሉኝታዬ

ጋራዤን ለሁለት ወጣት መካኒኮች አስረክቤ ቤቴ ከተቀመጥኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንኳን አረፍክ» ይለኛል። አላረፍኩም። ቤቴ ሆሳዕና መንገድ ዳር ነው። በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ የሚወርደውን መኪና ሁሉ እሰማለሁ። አንድ አይሱዙ ቁልቁለቱን ይዞ ሹፌሩ ማርሽ ሲቀንስ፣ ማርሹ እስኪገባ ድረስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ባለቤቴ ዘነበች «አንተ ሰውዬ፣ የሰው መኪና ነው እኮ!» ትለኛለች። የሚያስጨንቀኝስ የሰው መሆኑ አይደል?

ሥራ ያቆምኩት በወገቤ ምክንያት ነው ብዬ ለሁሉም አውርቻለሁ። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። አንድ ነጋዴ አዲስ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞ መጣና «ጋሽ ማርቆስ፣ ካምቢዮውን እስቲ ይዩልኝ» አለኝ። ሊያሾፍብኝ መሆኑ አልገባኝም። ሥሩ ገብቼ ስፈልግ ቆየሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ስፈታና ስገጥም የኖርኩት ያ የማርሽ ሳጥን፣ የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ በልክ በልኩ ለጎማው የሚያደርሰው ካምቢዮ፣ የለም። ነጋዴው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ማታ ለዘነበች «ጊዜዬ አልፏል» አልኳት። እሷም «ታዲያ ተመስገን በል፣ ከእንግዲህ ምን ያስጨንቅሃል?» አለችኝ። ይህን የምጽፈው ለእሷ ጥያቄ መልስ ይሆናል ብዬ ነው።

ከተወለድኩባት ከፎንቆ መጥቼ ሆሳዕና በአንድ የመንግሥት ጋራዥ በቀን ሠራተኛነት ስገባ አማርኛዬም ሥራዬም ገና ጥሬ ነበር። «አሥራ ሰባት ቁልፍ አምጣ» ሲሉኝ፣ የብሎን መፍቻ ቁጥር መሆኑን ሳላውቅ አሥራ ሰባት የበር ቁልፍ ከየት ላመጣ ነው ብዬ በጭንቀት ያላበኝ ሰው ነኝ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለሽሮ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አልነበረም። የጋራዡ ኃላፊ ፎርም ይወድ ነበር። አንድ ብሎን ለማውጣት ሦስት ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ሦስተኛው ፈራሚ ደግሞ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

እዚያ ነው ጋሽ ንጉሤን ያገኘኋቸው። የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው፤ የዓርብ የረቡዕ ጾማቸውን የማያጓድሉ፣ ቀጭን፣ ነገር የማያስረዝሙ ሰው። እኔ የቃለ ሕይወት ልጅ ነኝና «አንተ ጴንጤ፣ ጸልይበት፤ እኔ ደግሞ እለካዋለሁ» ይሉኝ ነበር። መለኪያቸው ባለ መርፌ ነበር፤ የፀጉር ስፋት የምታህል መዛነፍ ስትኖር መርፌዋ ትነቃነቃለች። በአሮጌ የሱፍ ካልሲ ጠቅልለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ይዘዋት ይዞራሉ። ለማንም አያውሱም። ካምቢዮ ሲፈቱ እያንዳንዱን ጥርስ በነጭ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ከዚያ ጨርቁን ፀሐይ ላይ ዘርግተው ያነቡታል። አዎ፣ ያነቡታል ነው የምለው። የወርቅ ቀለም ያለው ብናኝ ካዩ የነሐስ ቀለበቱ አልቋል፤ ግራጫ ካዩ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ሳያነቡ የዘጉት ካምቢዮ የለም።

ከሁሉም በላይ የማልረሳው ግን አሸዋቸውን ነው። ጋራዡ ግድግዳ ሥር አሥራ ሁለት ጆንያ አሸዋ ነበራቸው። ካምቢዮ የተሠራለት መኪና አሸዋውን ተጭኖ፣ እሳቸው ብቻቸውን ነድተውት፣ ከከተማው ዳር ያለውን ቁልቁለት በሦስተኛ ማርሽ ሳይወርድ ለባለቤቱ አይመለስም። ቁልቁለቱ ላይ ነዳጅም ፍሬንም አይነኩም፤ እጃቸውን ከማርሽ ዘንጉ ላይ አንሥተው ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ። ዳገትማ ማንም ይወጣል፣ ካምቢዮ የሚፈተነው መኪናው ሞተሩን ሲገፋው ነው ይሉ ነበር። አንድ ቀን ያ ፎርም ወዳዱ ኃላፊ «እኔም ልሂድ» ብሎ ጋቢና ገባ። ጋሽ ንጉሤ ሞተሩን አጠፉ። ጋዜጣ አወጡና ማንበብ ጀመሩ። ኃላፊው ግማሽ ገጽ ጠበቀ፣ አንድ ገጽ ጠበቀ፣ በመጨረሻ እያጉረመረመ ወረደ።

«አያፍሩም?» አልኳቸው በኋላ።

«ሰው ከጫንክ የምትነዳው መኪናውን አይደለም፣ ሰውየውን ነው። አሸዋ አይፈራም፣ አያፍርም፣ ቀስ በልልኝ አይልም» አሉኝ።

ገባኝ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ቀላል ነው።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ቦታ ሠራሁ። ቦኖሻ የእርሻ ትራክተሮች ጋር ሁለት ክረምት ጭቃ በላሁ። ዱራሜ ቅርንጫፍ ተዛውሬ ከምባትኛ ለመልመድ ሞክሬ የገበያ ሴቶችን አስቄአለሁ። ጋሽ ንጉሤ ሲሞቱ ልጃቸው ያቺን መለኪያ ከነካልሲዋ አምጥታ ሰጠችኝ። ጋራዥ ከፈትኩ፣ አሥራ ሁለት ጆንያ አሸዋም ሞላሁ። «የካምቢዮ ሐኪም» የሚል ስም ወጣልኝ። ስም ሲወጣልህ ደስ ይላል፤ ጭንቀቱም አብሮ ይመጣል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

መምህር ኤርሲዶ ፎንቆ አንደኛ ደረጃ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሂሳብ ያወቅሁት በእሳቸው ነው፤ ደብተር መግዣ ባጣሁበት ዓመት ደብተር የገዙልኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታ ወጥተው ሆሳዕና ይኖሩ ነበር። ደቡብ አፍሪካ ያለው ትልቁ ልጃቸው አንድ አሮጌ ላንድክሩዘር ገዛላቸው፤ የሚነዳው ታናሹ ተመስገን ነው። ተመስገን ረጋ ያለ ልጅ ነው፤ አንድ ድክመቱ ዳገት ላይ መቅደም መውደዱ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ያቃስታል ብሎ አዲስ አበባ ወስዶ የሞተሩን ጉልበት የሚጨምር ቱርቦ አስገጠመለት።

ሞተሩ ነፍስ ዘራ። ካምቢዮው ግን ለድሮው ጉልበት ተለክቶ የተሠራ ነው፤ አዲሱን አልቻለውም። መጀመሪያ ኩሽኔታው ጮኸ፣ ከዚያ የሦስተኛ ማርሽ ጥርስ ረገፈ። አዲስ ማርሽና ጠንካራ ኩሽኔታ ገጠምኩለት፤ አራት ወር ሄዶ ተመለሰ። «እንግዲህ ማጠናከር አይበቃም፣ መቀየር ነው» አልኩት ተመስገንን። ከተጋጨ የጭነት መኪና የወጣ ጠንካራ ካምቢዮ ተገኘ። የሞተሩና የካምቢዮው አፍ ስለማይገጥም በመሀል የሚገባ ወፍራም ብረት፣ ብረት በልክ የሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት አሠራሁ። እዚህ ላይ ነው ጣጣው። የሞተሩና የካምቢዮው ዘንግ በአንድ መስመር መቆም አለባቸው። ጥቂት ከተዛነፉ ማርሹ ዳገት ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ቁልቁለት ላይ፣ መኪናው ሞተሩን ሲገፋ፣ ቀስ እያለ እየተንሸራተተ ይወጣል።

ሐሙስ ከሰዓት ነው የለካሁት። መርፌዋ ተነቃነቀች። ብዙ አይደለም፤ ጋሽ ንጉሤ ይፈቅዱት ከነበረው ትንሽ አለፍ ያለች ናት። ለማስተካከል ሁሉንም መልሶ ማውረድና ብረቱን እንደገና ቶርኖ ቤት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ሁለት ቀን።

ቅዳሜ ደግሞ የሽምግልና ቀን ነው። ተመስገን ዱራሜ አንዲት ነርስ ወዷል፤ አባቱ ሽማግሌዎች ይዘው ለቤተሰቧ ሊጠይቁለት ቀን ተቆርጧል። እዚህ አገር የሽምግልና ቀን አይዛወርም። የቀረ ሽማግሌ ልጅቷን እንደናቀ ነው የሚቆጠረው። ለተመስገን «መኪናው አልደረሰም» ማለት አቃተኝ። በተከራየ መኪና ሂዱ ማለት እችል ነበር እኮ! አልኩ? አላልኩም። የካምቢዮ ሐኪም ተብዬ የለ? መርፌዋን ካልሲው ውስጥ መለስኳትና «ነገ ቁልቁለቱ ይነግረኛል» አልኩ።

ዓርብ ጠዋት አሸዋውን ልጭን ስል መምህር ኤርሲዶ ከነከዘራቸው መጡ። ካፖርት ለብሰዋል፣ ጫማቸው ተወልውሏል። በሩን ከፍተው ጋቢና ገቡና ተደላደሉ።

«ማርቆስ፣ እኔ ያስተማርኩት ልጅ የሠራውን መኪና መጀመሪያ የምሳፈረው እኔ ነኝ» አሉ።

«ቲቸር፣ ገና ሙከራ ነው…»

«ታዲያስ? አብረን እንሞክረዋለና!»

ተመስገን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይስቃል። ጆንያዎቹ ግድግዳው ሥር ናቸው። «ይውረዱ» የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ማንን ነው ውረድ የምለው? ደብተር የገዛልኝን ሰው? በሥራዬ ኮርቶ የመጣ ሽማግሌን? አልቻልኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። ሞተሩን አስነሣሁ።

ዳገቱን በደንብ ወጣን። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ነን። እግሬን ከሁሉም ላይ አንሥቼ መኪናውን ልለቀው ይገባ ነበር። አጠገቤ የሰባ አምስት ዓመት ሰው አሉ። ፍሬን ያዝኩ። ለስለስ አድርጌ፣ ሙሽራ እንደሚያጅብ ሹፌር፣ እስከ ታች ድረስ ፍሬን እንደያዝኩ ወረድኩ። ማርሹ ምንም አልተጫነበትምና አልወጣም።

«እንዴት ያለ ጸጥታ ነው!» አሉ መምህር።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ሲወርዱ ጆንያዎቹን ጭኜ ብቻዬን ልመለስ አስቤ ነበር። ተመስገን ግን «ጋሼ፣ ላጥበው፤ ነገ ነው እኮ» ብሎ ቁልፉን ተቀበለኝ። ሰጠሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ተመስገን መምህሩንና አምስት ሽማግሌዎችን ጭኖ በአንጋጫ በኩል ወጣ። ጋራዥ ገብቼ ሥራ መያዝ አቃተኝ። ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬን አወጣሁ፤ የተመስገንን ስም ከፈትኩ። ልለው የፈለግሁት አጭር ነው፦ «ቁልቁለት ላይ በሁለተኛ ውረድ፣ ሦስተኛን አትመን።» ለምን ቢለኝስ? ሽማግሌዎቹ እየሰሙ «በደንብ አልሞከርኩትም» ልበል? ስልኩን ኪሴ መለስኩ። እንደገና አወጣሁ። አራት ጊዜ እንዲህ አደረግሁ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ራሱ ጮኸ፤ ደዋዩ ተመስገን አልነበረም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር።

አንጋጫን አልፈው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ ሦስተኛ ማርሽ ወጥቷል። መኪናው ተለቀቀ። ተመስገን ሊመልሰው ቢሞክር እምቢ አለው፤ ፍሬኑ ጋለ፣ ጨሰ። በግራ ገደል ነው። ልጁ በቀኝ ያለውን የአፈር ግድግዳ መርጦ መኪናውን እዚያ ላከው። ሰባቱም በሕይወት የተረፉት በዚያ ምርጫ ነው። መምህር ኤርሲዶ ግን ዳሌያቸው ተሰበረ።

ከተማው ፍርዱን ለመስጠት ሰዓት አልፈጀበትም። ወጣት፣ ቱርቦ፣ ሙሽርነት፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ተመስገን «ማርሹ በራሱ ወጣ» ቢል ማን ይሰማዋል። «ያጋጨ ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው» አሉት። ሆስፒታል ስሄድ መምህሩ እግራቸው ተንጠልጥሎ ተኝተዋል። ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ቆሟል፤ አልገባም። ጎንበስ ብዬ ስስማቸው እጄን ያዙ።

«ማርቆስ፣ ይህን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማርሽ በራሱ ይወጣል?»

በሩ ክፍት ነው፤ ተመስገን ይሰማል። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ።

«ሰው ካልነካው… ብዙም አይወጣም» አልኩ።

ይህን ዐረፍተ ነገር የተናገርኩ ሰው ነኝ። ከሥራዬ ሁሉ የማፍርበት ካምቢዮው አይደለም፤ ይህ ነው። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኮሪደሩ ላይ ስወጣ ተመስገን አላየኝም፤ ግድግዳውን ነበር የሚያየው።

መኪናው ተጎትቶ የመጣው ወደ ማን ይመስላችኋል? ወደ እኔ ነው። ካምቢዮውን ለብቻዬ ፈታሁት። ሦስተኛ ማርሽን በነጭ ጨርቅ ጠረግሁና ፀሐይ ላይ አየሁት። የሚይዙት ጥርሶች በአንድ ወገን ብቻ ተልጠው አዘንብለዋል፤ ቁልቁለት በሚገፋበት ወገን። ደኅና የነበረ ጥርስ በግማሽ ቀን እንዲህ የሚሆነው ዘንጎቹ ከተዛነፉ ነው። ሌላ ምክንያት ፈለግሁ፤ እውነቴን ነው፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፈለግሁ። የለም። የእኔ ብረት ነው፣ የእኔ መርፌ ነው፣ የእኔ ዝምታ ነው።

ተመስገን በየሁለት ቀኑ ይመጣል። «ጋሼ፣ አገኙት?» ይላል። «እያየሁ ነው» እላለሁ። አንድ ወር አለፈ። ከዱራሜ «ትንሽ እንቆይ» የሚል መልእክት መጣ። የልጅቷ አባት «አባቱን ገደል አፋፍ የወሰደ ልጄን ወዴት ይወስዳታል?» ብሏል ተባለ። መምህሩ ከሆስፒታል ወጥተው ቤት ገቡ፤ ልጃቸው ምግብ ያቀርብላቸዋል፣ እሳቸው ይበላሉ፣ አይነጋገሩም። እኔንም እንጀራ አልወርድልህ አለኝ። ዘነበች «ታመሃል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ» ትላለች። ብናገር ጋራዤ ይዘጋል፣ ስሜ ይጠፋል፣ በየመንገዱ ያለው የሠራሁት መኪና ሁሉ ይጠረጠራል ብዬ አሰላለሁ። ዝም ካልኩ የሚጠፋው የአንድ ልጅ ስም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሂሳብ መምህር ኤርሲዶ አላስተማሩኝም።

ሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ተመስገን መጣ። «አገኙት?» አላለኝም። ወንበር ላይ ተቀመጠና እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«ጋሼ፣ ሳስበው ሳስበው… ምናልባት በጉልበቴ ነክቼው ይሆናል። እርስዎ ካልነኩት አይወጣም ካሉ እኔ ነኝ ማለት ነው። መኪናውን ለብረት ይሽጡት» አለኝ።

የዓይኑን እውነት እኔው ካድኩበትና ያየውን ተጠራጠረ። መልስ ሳልሰጠው ሦስተኛ ማርሽን በነጩ ጨርቅ ጠቀለልኩና «ና፣ አባትህ ጋ እንሂድ» አልኩት።

መምህሩ ሳሎን ናቸው፣ እግራቸው ትራስ ላይ ነው። ተመስገን እንደ ልማዱ ደጅ ቀረ። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁ። ጥርሱን አሳየኋቸው። ስለ ሐሙሷ መርፌ፣ ስለ አሸዋው፣ ዓርብ ቁልቁለቱን በፍሬን ስለ መውረዴ፣ አራት ጊዜ አውጥቼ ስለ መለስኩት ስልክ ነገርኳቸው። «ሆስፒታል የነገርኩዎት ውሸት ነው። ማርሽ በራሱ ይወጣል። ልጁ ምንም አላጠፋም፤ ያዳናችሁ እሱ ነው» አልኩ።

ረጅም ጊዜ ማርሹን አገላበጡት።

«ለምን ውረድ አላልከኝም?» አሉ።

«አፍሬ ነው፣ ቲቸር። ካምቢዮውን አላመነውም ይሉኛል ብዬ።»

ፊታቸው ተለወጠ። እንደሚቆጡ ጠብቄ ነበር።

«እኔ እኮ ገና ከበር ሳንወጣ መውረድ ፈልጌ ነበር» አሉ። «ፈርቼ ነበር፣ ማርቆስ። ብወርድ ሥራህን የተጠራጠርኩ ይመስልሃል፣ ልብህ ይሰበራል ብዬ ነው የተቀመጥኩት። ውረድ ብትለኝ እግዚአብሔር ይስጥህ ብዬ እወርድ ነበር።»

አንዱ ለአንዱ አስቦ፣ በመሀል አንድ ልጅ ጨፈለቅን። አለቀስኩ፤ አልደብቅም።

ከዚያ «ተመስገን!» ብለው ተጣሩ። በሁለት ወር ውስጥ ስሙን የጠሩበት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ልጁ ሮጦ ገባ። መምህሩ ከዘራቸውን ተደግፈው ከወንበሩ ለመነሣት መታገል ጀመሩ። እኛ ዘንድ አባት ለልጁ አይነሣም።

«አባዬ፣ ይቀመጡ፤ ዳሌዎ!» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«ልቀቀኝ» አሉት። ቆሙ፤ ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። «ተቀምጬ የምነግርህ ነገር አይደለም» አሉት፤ ቀጥለውም ልጃቸውን ስላላመኑት ይቅርታ ጠየቁት።